የምወደውን ዕቃ የቤተሰብ ቅርስ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከእናቶች፣ ከአክስቶች፣ ውጭ ሀገር ካሉ ልጆች ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ቀሚስ ይሁን መስቀል፣ ጀበና ይሁን ካሴት፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዞሮ ዞሮ "እኔ ሳልፍ ይሄ ነገር ምን ይሆናል" ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋም አለኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ዕቃ ቅርስ የሚሆነው ባለቤቱ በሕይወት እያለ ከነታሪኩ በእጁ ሲሰጠው ነው። ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ዕቃውን ቢያቆየው እንኳን ታሪኩን ይገድለዋል፣ ታሪኩ ከሞተ ደግሞ የልጅ ልጆች እጅ ሲገባ አሮጌ ዕቃ ነው በቃ።

ቅርስ ለመባል የግድ ወርቅ ወይ በጣም የቆየ ነገር መሆን አለበት እንዴ?

ኧረ በፍጹም። ሙዚየም የሚፈልገው ሌላ ነው፣ ቤተሰብ የሚፈልገው ሌላ። ቤተሰብ የሚፈልገው አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን፣ እጁ ያረፈበትን ነገር ነው። አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ዶቃው ያለቀ መቁጠሪያ፣ አባታችሁ ማታ ማታ ዜና የሚያዳምጡበት ሬዲዮ፣ እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ። በነገራችን ላይ በብዙ ቤት ጥግ ላይ ተሸፍና የተቀመጠች ሲንጀር የልብስ መኪና አለች፣ እናት ልጆቿን በሷ ያሳደገችባት፣ ሰው ግን ቅርስ ነው ብሎ አያስባትም። መኪናዋ ላይ የተመታ ተከታታይ ቁጥር አለ፣ ብዙ ጊዜ በፊደል ይጀምራል፣ ያንን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉት የተሰራችበትን ዓመት ታገኛላችሁ። ከዛ እናታችሁን በስንት ብር፣ ከማን፣ በየትኛው ዓመት እንደገዛቻት ጠይቋት፣ ቅርስ አላችሁ ማለት ነው።

ብዙ ዕቃ አለኝ፣ ሁሉንም ማቆየት እፈልጋለሁ፣ ይቻላል?

አይቻልም ባይ ነኝ። ልጆቻችሁ ኮንዶሚኒየም ወይ ውጭ ሀገር ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ሳጥን ሙሉ ዕቃ ብትተዉላቸው መለየት ያቅታቸውና ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል። አንድ ወይ ሁለት ምረጡ። ለመምረጥ የሚረዳው ጥያቄ "የቱ ውድ ነው" ሳይሆን "ስለየትኛው ዕቃ ሳላቋርጥ ግማሽ ሰዓት ማውራት እችላለሁ" የሚለው ነው። ምንም የማትሉለት የብር ሰሃን ካለ ሽጡት ወይ ስጡት፣ ምንም ነውር የለበትም።

ታሪኩን እንዴት ነው የምጽፈው? እኔ ጸሐፊ አይደለሁም

ይሄ ነው ዋናው ጉዳይ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው። ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም፣ ለልጅ እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ጻፉት። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ይቺ ቀሚስ እናቴ እኔ ክርስትና ስነሳ የለበሰቻት ናት። ደረቷ ላይ ያለውን ጥልፍ የጠለፈችላት ጎረቤታችን ናት፣ ገንዘብ አልተቀበለችም። ጫፏ ላይ ያለው ነጠብጣብ የጧፍ ሰም ነው፣ ገና ለገና ይለቃል ብላችሁ በትኩስ ካውያ እንዳትነኩት።" ይሄ ይበቃል። ይቺ የሰም ነጠብጣብ አይታችኋል? እሷ ካልተጻፈች የሚቀጥለው ሰው ቆሻሻ መስሎት ያጥባታል።

ሁሌም የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። "የእማማ ቀሚስ" ብሎ መጻፍ ዛሬ ለእናንተ ግልጽ ነው፣ የልጅ ልጃችሁ ግን የትኛዋ እማማ እንደሆነች አያውቅም፣ እኛ ሀገር ደግሞ የቤተሰብ ስም ስለሌለ የአያት እናት ስም በሁለት ትውልድ ውስጥ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ስም ከነአባትና ከነአያት ይጻፍ፣ የክርስትና ስምም ካላቸው ይጨመር፣ የቤት ስማቸውም እንደዛው፣ ምክንያቱም አክስቶች ሁሉ የሚያውቋቸው በቤት ስም ነው።

ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ ደግሞ በኛ ይሁን በፈረንጅ ግልጽ አድርጉ። ዝም ብሎ 1966 ተብሎ ከተጻፈ አሜሪካ የተወለደ ልጅ በራሱ አቆጣጠር ነው የሚያነበው፣ እና የአብዮቱ ዓመት የነበረው ሰርግ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ቦታም እንደዚሁ፣ ናዝሬት ብላችሁ ከጻፋችሁ አዳማ ጨምሩበት፣ ደብረ ዘይት ካላችሁ ቢሾፍቱ በሉ፣ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ጥቀሱ ምክንያቱም ሰፈር ይፈርሳል፣ መንገድ ስም ይቀየራል፣ ቤተ እምነቱ ግን ብዙ ጊዜ እዛው ነው።

ወረቀቱን በስኮች ዕቃው ላይ እንዳትለጥፉት፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ልብስንም ብራናንም ያበላሻል። በእርሳስ ጻፉት፣ እርሳስ አይለቅም፣ ውሃ ቢነካውም አይፈስም። ለልብስ ከሆነ ስሙን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ጽፋችሁ በውስጥ በኩል ስፌቱ ጋ በጥቂት ስፌት ያዝ ማድረግ ነው። መጻፍ የማይሆንላቸው አያት ካሉ ደግሞ ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅረጿቸው፣ ዕቃውን እጃቸው ላይ አድርጉላቸውና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ዕቃ በእጅ ሲያዝ ወሬ ይመጣል፣ በባዶ እጅ "እስቲ ታሪክ ንገሩኝ" ሲባል ግን ሰው ይጨንቀዋል።

ለማን ልስጠው? የግድ ለመጀመሪያ ልጅ ነው?

በልማድ የአባት ነገር ለበኩር ወንድ፣ የእናት ጌጥ ለሴት ልጅ ነው። እኔ ግን ሁሌም የምለው ለሚለብሰው፣ ለሚጠቀምበት፣ ለሚጠይቅበት ሰው ይሰጥ ነው። በየቤቱ አንድ "ይሄ የማን ነበር?" እያለ የሚጨቀጭቅ ልጅ አለ፣ አንዳንዴ የእህት ልጅ ነው፣ አንዳንዴ ምራት ናት። እሱን ልጅ አትለፉት። ሌሎቹ እንዳይከፋቸው ደግሞ ሁሉም ባሉበት፣ በዓል ቀን ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ "ይሄን ለሷ ሰጥቻታለሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው" ብሎ መናገር ከብዙ ጠብ ያድናል። በድብቅ የተሰጠ መስቀል ከለቅሶው ሳልስት ጀምሮ ወንድምና እህትን ሲያኳርፍ ታይቷል፣ ያውም ዋጋው ምንም ለማይሆን ነገር። ደግሞ ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ልጅ እኩል ካለቀሰ ተራ ይግቡ፣ ዓመት እሷ ጋ ዓመት እሱ ጋ፣ የተረካከቡበትን ቀን ወረቀቱ ላይ እየጻፉ፣ በጣም ያምራል።

አሁን ልስጥ ወይስ ኑዛዜ ላይ ላስፍረው?

አሁን ስጡ። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጅ ሲሰጥና ሲቀበሉት ስጦታው ያልቃል፣ ውል ምናምን አያስፈልገውም። ስጡና "እኔ እስካለሁ አንዳንዴ ልዋሰው" ብትሉ ማን ይከለክላችኋል።

ካልሆነ ግን ኑዛዜ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ነው የሚያውቀው። በግልጽ የሚደረግ የሚባለው ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ ነው፣ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለተኛው ራሳችሁ በእጃችሁ የምትጽፉት ነው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፣ ቀንና ፊርማም ይኑረው፣ እና በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ጋ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ መሳቢያ ውስጥ ጽፎ ትቶት ተማምኖ ይኖራል። ሦስተኛው በቃል በሁለት ምስክር ፊት የሚደረገው ነው፣ እሱ ግን በጣም ጠባብ ነው፦ ስለ ቀብር፣ ስለ ትናንሽ ልጆች አሳዳሪ፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ብቻ፣ ያውም ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ስለዚህ አልጋ ላይ ሆኖ "ወርቄ ለእገሊት ነው" ማለት በሕግ ፊት ብዙ አያስኬድም። ውጭ ሀገር የምትኖሩ ደግሞ የምትኖሩበት ሀገር ሕግ ስላለ እዛው ያለ ጠበቃ ጠይቁ።

የእናቴን የሀበሻ ቀሚስ እንዴት ነው የማስቀምጠው?

መጀመሪያ ንጹሕ ይሁን። ምግብና ላብ የነካው ልብስ ነው ብልና አይጥ የሚጠራው፣ ነጭ ጥጥ ደግሞ ላቡ ዓመታት ቆይቶ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ግን ዝም ብላችሁ አትንከሩት። የጥልፉ ቀለም ይለቃል አይለቅም ለማየት ነጭ ጨርቅ ትንሽ አርጥባችሁ ጥልፉ ላይ፣ በማይታይ ቦታ፣ ጫን አድርጉት፣ ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ ውሃ አይንካው፣ በተለይ ቀዩ ክር አይታመንም። ቀለም ካልለቀቀ በለብ ያለ ውሃ፣ በትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ ሳይጠመዘዝ፣ ከዛ ጥላ ቦታ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። ገመድ ላይ አትስቀሉት፣ ውሃ የያዘ ቀሚስ በራሱ ክብደት ትከሻው ይሳሳል። በረኪና በጭራሽ።

ፌስታል ውስጥ አታስገቡ። ይሄን ስል እናቶች ይቆጡኛል ምክንያቱም ሁሉም በፌስታል ጠቅልለው ነው ያቆዩት፣ ግን ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ሻጋታ ያመጣል፣ ራሱም ሲያረጅ ይጣበቃል። ከሱ ይልቅ አቡጀዲ ግዙ፣ ስታርቹ እስኪለቅ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ በሱ ጠቅልሉት። የእንጨት ሳጥን ወይ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢገባ እንኳን ልብሱ ቀጥታ እንጨቱን አይንካ፣ እንጨት ከጊዜ ብዛት ጨርቅን ያበላሻል። ናፍታሊንም ጨርቁ ላይ ቀጥታ አይደረግም። በዓመት አንዴ፣ በሉ ለጥምቀት፣ አውጥታችሁ አናፍሱትና በሌላ መስመር እጠፉት፣ ሁሌ አንድ ቦታ የታጠፈ ልብስ እዛው እጥፋቱ ላይ ነው የሚቀደደው። እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ አቡጀዲ ቢገባበት ደግሞ በጣም ጥሩ።

ይለበስ ወይ ለሚለው፣ አዎ ይለበስ! ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል። ከጠበበ ወይ ከሰፋ አይቆረጥ፣ በጎን በኩል ሊፈታ በሚችል ስፌት ይስፋ ወይ ይጥበብ፣ የሚቀጥለዋ ልጅ ደግሞ ለራሷ ልክ ትመልሰዋለች። ቆርጣችሁ ወደ ሚኒ የቀየራችሁት ቀሚስ ግን አይመለስም።

አያቴ የተዉልኝ ጠገራ ብር አለ፣ 1780 ይላል፣ እውነት ያን ያህል አሮጌ ነው?

ላይሆን ይችላል፣ አትዘኑ ግን። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በኋላ ቪየና፣ ለንደን፣ ሮም፣ ቦምቤይ ሁሉ ሳይቀር ያንኑ ዓመት እያደረጉ ሲመቱት ኖረዋል። ስለዚህ ያንተ ብር የተመታው በአያትህ ዕድሜም ሊሆን ይችላል። ክብደቱ 28 ግራም አካባቢ፣ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ ጠርዙ ዙሪያውን ጽሑፍ አለበት፣ በጣም ከቀለለ ወይ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የምኒልክ ብር ከሆነ ደግሞ ለየት ይላል፣ መጀመሪያ የተመታው በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ነው፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል።

ብዙ ጠገራ ቀለበት ተበጅቶለት ለአንገት ጌጥ ሆኗል፣ ብዙው ደግሞ ቀልጦ መስቀልና አልቦ ሆኗል። የተበሳ ወይ ማንጠልጠያ ያለው ብር ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለቤተሰብ ግን እኔ ብሆን ያንን ነው የምመርጠው፣ አንገት ላይ እንደዋለ በዓይን የሚታይ ነዋ። አጽዱት ብላችሁ በሎሚ፣ በአመድ ወይ በኮልጌት አትፈትጉት፣ ፊቱን ይልጠዋል፣ ጥቁረቱ ላይ ላዩን ያለ ነገር ነው፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። በጎማ ላስቲክ አትጠፍሩት፣ ጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። ወርቅ ቅብ የሆነ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይፈተግ፣ ቅቡ ይነሳል።

የእናቴን ወርቅ አቅልጬ ለልጄ ሰርግ አዲስ ሞዴል ላሠራላት አስቤ ነበር

የሚያሳዝነኝ ነገር ይሄ ነው። ወርቅ ቀለጠ ማለት ግራሙ ቀረ፣ እናትሽ ግን ሄደች። ልጅሽ ሞዴሉን ካልወደደችው ሎቲውን ብቻ እንዳለ አስቀሪና ሌላውን አሠሪላት። ግድ ከሆነ ከመቅለጡ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሺው፣ አስመዝኚው፣ እናትሽ ያደረገችበት ፎቶ ካለም አብሮ ይቀመጥ።

አባቴ ከውጭ የላከልን የድምፅ ካሴት አለ፣ ቴፑ የለም፣ ምን ላድርግ?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል ምክንያቱም በእኔ እምነት ከኛ ቤተሰቦች ቅርስ ሁሉ ቶሎ እየጠፋ ያለው ይሄ ነው። ስልክ ውድ በነበረበት፣ ደብዳቤ ደግሞ በደርግ ዘመን በሚያስፈራበት ጊዜ ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሚመጣ ሰው እጅ ይልክ ነበር፣ ሱዳን ያለ ለአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ያለ ለዋሽንግተን፣ ጅዳ ያለች ለደሴ። ካሴቱ ላይ አባት "እንዴት ናችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብሎ የእያንዳንዱን ልጅና የጎረቤት ስም እየጠራ ሰላም ይላል፣ መልሱ ሲቀዳ ደግሞ ከኋላ ቡና ሲወቀጥ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ አንዱ ሕፃን "እኔም ላውራ" እያለ ሲያለቅስ ይሰማል። ያ ሕፃን ዛሬ አባት ነው።

መጀመሪያ የምታደርጉት ይሄ ነው፦ ካሴቱ ጀርባ ላይ፣ በጠርዙ በኩል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ፣ እነሱን በቢላ ጫፍ ስበሯቸው። ከዛ በኋላ ማንም ተሳስቶ ላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም። ስንቱ የአባት ድምፅ ላይ ዘፈን ተቀድቶበታል መሰላችሁ።

ቴፕ ከጎረቤት ወይ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ይገኛል፣ ግን መጀመሪያ በማትፈልጉት ካሴት ሞክሩት፣ ክሩን የሚበላ ቴፕ ከሆነ የአባታችሁን አትስጡት። ያልተከፈተ የቆየ ካሴት ከመጫወቱ በፊት አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ሙሉውን ይጠቅለል፣ ክሩ ተጣብቆ ከሆነ ቀስ ብሎ ይላቀቃል። ከዛ ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር አገናኝታችሁ ቅዱት፣ ስልክ ስፒከሩ ፊት ደቅኖ መቅዳትም ከምንም ይሻላል ግን የክፍሉ ድምፅ ሁሉ ይገባል። ዋናውን በዌቭ ፋይል አስቀምጡ፣ ለቤተሰብ የምትልኩትን በኤምፒስሪ። አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። ካሴቱን ራሱን ደግሞ አትጣሉት፣ ከስፒከርና ከማግኔት ርቆ፣ በጎኑ ቆሞ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ የአባታችሁ የእጅ ጽሑፍ አለ አይደል እንዴ።

ፎቶስ?

አጭር መልስ፦ ያ የሚያጣብቅ ገጽ ያለው በፕላስቲክ የሚሸፈን አልበም ፎቶ ገዳይ ነው፣ ሳይጣበቅ በፊት አውጡት። ከተጣበቀ አትጎትቱት፣ እዛው እንዳለ ስካን አድርጉት። ስካን ስታደርጉ ጥራቱ በ600 ዲፒአይ ይሁን፣ ጀርባውም ይነሳ ምክንያቱም "ለመታሰቢያ" ብሎ የተጻፈው እዛ ነው። እና በቴሌግራም ለቤተሰብ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከሆነ አሳንሶ ነው የሚልከው፣ ከዛ ዋናው ሲጠፋ የቀረው ብዥ ያለው ብቻ ይሆናል። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ ለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ጠርዙ ጋ።

አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ፣ ሜዳሊያቸው እኛ ጋ ነው

እንኳን ደስ አላችሁ! ኮሪያ የዘመቱት መጀመሪያ በ1943 ዓ.ም. ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያም ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ተጽፎበት ነው የተሰጠው፣ የእናንተን ገልብጣችሁ እዩት። ሪባኑን አትቀይሩ፣ ቢያረጅም የሱ ነው። ከሜዳሊያው ጋር ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የወታደር ልብስ የለበሱበት ፎቶ ካለ አንድ ላይ ይሁን፣ ለየብቻ ከተበታተነ ሜዳሊያው የማን እንደነበር ማረጋገጥ አይቻልም።

የአያት ጠመንጃ ያላችሁ ግን ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚተዳደረው፣ ፈቃድም የሚሰጠው ለሰውየው ነው እንጂ ለቤቱ አይደለም፣ ስለዚህ ከማስተላለፍም ከመረከብም በፊት ፖሊስ ጠይቁ።

የብራና ዳዊት ከቅድመ አያቴ ወርዶ እኔ ጋ ደርሷል፣ ወደምኖርበት ሀገር ይዤው መሄድ እችላለሁ?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆን ይችላል፣ ከሀገር ለማውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቦሌ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ከመጨቃጨቅ ቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ሄዶ መጠየቅና ማስመዝገብ ነው። እኔ ግን ከልቤ የምመክራችሁ እዚሁ ተዉት። እዚህ ያለ ዘመድ ይያዘው፣ እናንተ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታችሁ ውሰዱ፣ በተለይ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን ባዶ ገጾች፣ ብዙ ጊዜ የልደት ቀን፣ የባለቤት ስም፣ የመሬት ነገር ሳይቀር እዛ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ብራና እርጥበትና ደረቅ ሲፈራረቅበት ይጠማዘዛል፣ ስለዚህ ጣራ ስር ወይ ወጥ ቤት አጠገብ አይሁን፣ ከማኅደሩ ጋር ጥላ ቦታ ይቀመጥ፣ ላሚኔት የሚባል ነገር አይታሰብም። የተጻፈውን የማታነቡት ከሆነ አካባቢያችሁ ያሉ መሪጌታ ወይ ስድስት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች ያነቡላችኋል። የአያት ቁርአን በእጅ የተጻፈ ያላችሁም እንደዛው ነው፣ ጥበቃውም ሕጉም አንድ ነው።

ከሱቅ የገዛሁት አሮጌ የእጅ መስቀል ለልጆቼ ቅርስ ይሆናል?

ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ። ትልቅ የእጅ መስቀል፣ ጽዋ፣ ጽና፣ አሮጌ ሥዕል የሚሸጥላችሁ ሰው ከየት እንዳመጣው መናገር ካልቻለ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሊሆን ይችላል። የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ሆላንድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሲራክ አስፋው ሮተርዳም ቤቱ ውስጥ እንግዳ ጥሎት በሄደ ሻንጣ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. አገኘው፣ ሃያ አንድ ዓመት ደብቆ ጠብቆ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለሀገሩ መለሰው። እሱ ሰው የኔ ነው ለልጆቼ ላቆየው ማለት አላቃተውም ነበር። ለልጅ የሚተላለፍ ነገር ልጁ ቀና ብሎ የሚያወራለት መሆን አለበት፣ ስለዚህ የሚያጠራጥር ከሆነ ለቤተ ክርስቲያን ወይ ለቅርስ ባለስልጣኑ ይነገር። አዲስ መስቀል ከአንጥረኛ አሠርታችሁ ዕድሜ ልካችሁን ብታደርጉት ይሻላል።

ልጄ "አልፈልገውም" አለችኝ፣ ከፋኝ

ዛሬ አልፈለገችም ማለት ነው። በሃያ ዓመቱ የእናቱን መሶብ የሚፈልግ ልጅ ጥቂት ነው፣ የራሱን ልጅ ሲወልድ ግን ፍለጋ ይመጣል፣ በዚህ በጣም እርግጠኛ ነኝ ምክንያቱም ከሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ እነዛው "አልፈልግም" ያሉት ልጆች ናቸው። አትጫኗት። ለእህት ልጅ ስጡ ወይ እናንተው ያዙትና ታሪኩን ጻፉ።

ጭራሽ የሚረከብ ከሌለ ደግሞ ሙዚየም አለ። ሐረር ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አንድ ሰው ከየቤቱ በሰበሰባቸው ልብሶች፣ ጌጦች፣ መጻሕፍትና የድምፅ ቅጂዎች የቆመ ነው፣ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ውስጥም የምታዩት ፎቶና ልብስ ከየቤተሰቡ የመጣ ነው። ስትሰጡ ከነወረቀቱ ስጡ፣ የተረከባችሁን ሰው ስምና ፊርማ የያዘ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ልጆቼ አማርኛ አያነቡም፣ ብጽፈው ምን ዋጋ አለው?

ጻፉት። በአማርኛ ጻፉት፣ ሥሩ ላይ እነሱ በሚያነቡት ቋንቋ፣ እንግሊዝኛም ይሁን ዕብራይስጥ ወይ ጀርመንኛ፣ አጠር አድርጋችሁ ድገሙት። ከዛ ራሳችሁ በአማርኛ ስታነቡት ቅረጹና ፋይሉን ከዕቃው ፎቶ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉት፣ ፎልደሩን "ፎቶዎች" ብላችሁ ሳይሆን በዕቃው ባለቤት ሙሉ ስም ሰይሙት። ስሞቹን በላቲን ፊደልም ጻፉላቸው፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አጻጻፍ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ሰነድ ውስጥ ሲፈልጓቸው የሚያገኟቸው በዛ ነው። ዕቃውን ስትሰጡ ደግሞ ልጁ ታሪኩን በራሱ ቋንቋ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ፣ የተሳሳተውን እዛው ታርሙለታላችሁ።